እናንተ መርማሪ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር? የ1950ው የፈረንጅ ገና ሌሊት ስርቆት

ጥያቄ አያልቅብኝ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን ጉዳይ ካነበብኩ ሁለት ቀኔ ነው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ብቻዬን ከምብሰለሰል እናንተም ትንሽ ተቸገሩ ብዬ ነው የመጣሁት። ታሪኩን የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ዝም በሉ፣ ጎግል ማድረግም አይፈቀድም።

በ1950 የፈረንጅ ገና ሌሊት ለንደን ውስጥ ዌስትሚንስተር አቤይ ከሚባለው ትልቅ ቤተክርስቲያን አንድ ድንጋይ ተሰረቀ። አዎ ድንጋይ። ወርቅ የለበት አልማዝ የለበት፣ 152 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ድንጋይ። ተራ ድንጋይ ግን እንዳይመስላችሁ፣ የድሮ የስኮትላንድ ነገስታት የሚነግሱበት የነበረ ነው፣ በ1296 የእንግሊዙ ንጉስ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘምቶ ዘርፎ አመጣውና የእንጨት ወንበር አሰርቶ ከመቀመጫው ስር ወሸቀው፣ ከዛ ወዲህ የእንግሊዝ ንጉስ ዘውድ ሲጭን እዛ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። የስኮን ድንጋይ ይሉታል፣ የዕጣ ፈንታ ድንጋይ የሚሉትም አሉ። ከ650 አመት በላይ እዛው ተወሽቆ ኖሮ አንድ የገና ጠዋት ሲነሱ የለም።

አሁን መርማሪ ናችሁ። በእጃችሁ ያለው ምንድነው፣ ወንበሩ ተፈልቅቋል፣ ወለሉ ላይ ከባድ ነገር የተጎተተበት ምልክት አለ፣ አንድ የእጅ ሰዓት ወድቆ ተገኝቷል። ሌላው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ሮንድ ላይ የነበረ ፖሊስ ከአቤዩ አጠገብ የቆመ ፎርድ አንግሊያ መኪና ውስጥ አንድ ወንድና አንድ ሴት ወጣቶች አይቷል፣ ማየት ብቻ አይደለም ቆሞ አውርቷቸዋል። በቃ ይሄው ነው። የደህንነት ካሜራ የለም፣ ዲኤንኤ የለም፣ የሞባይል ታወር የለም። ፖሊስ የእንግሊዝና የስኮትላንድን ድንበር ዘጋ (ለ400 አመት ተዘግቶ አያውቅም ይባላል)፣ መኪና አስቁሞ ፈተሸ፣ ሀይድ ፓርክ ያለውን ሀይቅ ሳይቀር ጎረጎረ። ምንም የለም።

በመጨረሻ ግን ማን እንደወሰደው ታወቀ፣ ያሳወቀው ደግሞ ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ አንዱም አይደለም። አንድ መርማሪ ቁጭ ብሎ አሰበና አንድ ቦታ ሄዶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። የት ሄደ? ምንስ ጠየቀ?


ቆጥቋጭ፦

ሰዓቱን እንዴት ዝም ብለህ ታልፈዋለህ ወንድሜ? እኔ ብሆን ሰዓቱን ይዤ ወደ ሰዓት ሰሪ ነው የምሮጠው። የድሮ ሰዓት ሰሪዎች አንድ ሰዓት ከጠገኑ በኋላ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ውስጡ ላይ በቀጭን መርፌ ቁጥር ወይም ምልክት ይጭሩ ነበር እኮ፣ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ የራሳቸው ስራ መሆኑን እንዲያውቁ። ያንን ምልክት ይዘህ ሱቅ ለሱቅ ብትዞር የሆነ ቀን የሆነ ሽማግሌ መነፅሩን ከፍ አድርጎ "ይቺማ የኔ ጭረት ናት" ይልሃል። ከዛ መዝገብ ያወጣል፣ ስም አለ፣ አለቀ።


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

ቆጥቋጭ አሪፍ ነው፣ ፖሊሶቹም እንዳንተ አስበው የሰዓቱን ነገር ለህዝብ አሳውቀው ነበር። ችግሩ ሰዓት ሰሪው ለንደን ይሁን ግላስጎው ይሁን ሌላ የት ይሁን አታውቅም፣ ስንት ሺህ ሱቅ ልትዞር ነው? መልሱ ግን እሱ አይደለም። ቀጥሉ።


ቀዳዳ አይቶ አለፈ፦

ይሄ ያለ ውስጥ አዋቂ አይሆንም። በገና ሌሊት ዘበኛው የት እንዳለ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚዞር፣ የትኛው በር ደካማ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ዘበኛውን ነው የማስቀምጠው፣ ይለፈልፋል።


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

ሃሃ ምስኪን ዘበኛ። አይደለም፣ የውስጥ ሰው የለበትም። ግን "የሚያውቅ ሰው ነው" ያልካትን ያዛት፣ ቅርብ ነህ።


ሚዛኑ፦

እኔ ኪሎውን ነው የማየው፣ ሌላው ወሬ ነው። 152 ኪሎ አንድ ሰው አይሸከምም፣ ሁለት ሰው ቢያነሳውም ደረጃ አውርዶ ርቆ አይሄድም፣ መያዣ እጀታ የሌለው ድንጋይ ማለት ከሚመዝነው በላይ ነው የሚከብደው፣ ዕቃ የጫነ ሰው ያውቀዋል። መሬት ላይ የተጎተተ ምልክት መኖሩ ራሱ ተሸክመው እንዳልቻሉ ይነግርሃል፣ ስለዚህ ጋሪ አላመጡም፣ ስለዚህ ባለሙያ ሌቦች አይደሉም ማለት ነው፣ ባለሙያ ሌባ ዕቃውን ከማየቱ በፊት ማንሻውን ነው የሚያዘጋጀው። አማተሮች ናቸው፣ ሶስት አራት ይሆናሉ፣ ከነሱ አንዷ ሴት ናት (ያቺ መኪና ውስጥ የታየችው)፣ መኪናቸውም ትንሽ ናት። ፎርድ አንግሊያ ላይ ይሄን ድንጋይ ብትጭነው ባሌስትራው መሬት ሊነካ ነው፣ ስለዚህ ድንጋዩ ሙሉውን በአንድ መኪና አልሄደም፣ ወይ ሌላ መኪና አለ ወይ ተሰብሯል።

ቀጥሎ፣ ይሄን ድንጋይ ለማን ትሸጠዋለህ? ለማንም። ሊሸጥ የማይችል ዕቃ የሚሰርቅ ሰው ገንዘብ አይደለም የሚፈልገው፣ ዕቃውን ራሱን ነው። ማነው ያን ድንጋይ የሚፈልገው? የስኮትላንድ ሰው። ስለዚህ ለንደንን ትቼ ስኮትላንድ ነው የምሄደው። እዛ ግን ማንን እንደምጠይቅ ገና ነኝ።


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

ሚዛኑ አንተ ሰው ፖሊስ ነህ እንዴ? አራት ናቸው፣ አንዷ ሴት ናት፣ ሁለት መኪና ነበራቸው፣ ድንጋዩም ለሁለት ተሰብሯል፣ ሁሉንም መታኸው!!

አንድ ግድግዳ ግን ልጨምርብህ። በዛን ሰሞን ስኮትላንድ ውስጥ የራሳችን ፓርላማ ይኑረን ብሎ ፊርማ ያኖረው ሰው ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ስለዚህ "ምክንያት ያለው ሰው" ብለህ ከጀመርክ 2 ሚሊዮን ተጠርጣሪ አለህ፣ መልካም ምርመራ። ሁላችሁም ያያችሁት ከስርቆቱ በኋላ የቀረውን ነው፣ ምልክት፣ ሰዓት፣ መኪና። ወደ ኋላ ሂዱ። ከስርቆቱ በፊት።


የመደርደሪያ ልጅ፦

ቆይ ቆይ ቆይ። እኔ ላይብረሪ ነው የምሰራው፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል ወዲያው የመጣልኝ፣ ስህተት ከሆነ ሳቁብኝ።

ቀዳዳ አይቶ አለፈ የሚያውቅ ሰው ነው አለ አይደል፣ እሺ የውስጥ ሰው ካልሆነ ታዲያ ከየት አወቀ? ድንጋዩ ወንበሩ ውስጥ እንዴት እንደተገጠመ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ህንፃው ውስጥ የትኛው በር ወደየት እንደሚወጣ፣ ይሄ ዝም ብሎ እንደ ጎብኚ አንዴ ገብተህ ዞረህ የምታውቀው ነገር አይደለም። ኢንተርኔት የለም። 1950 ላይ አንድ ነገር በደንብ ማወቅ የፈለገ ሰው ያለው አንድ አማራጭ ነው፣ መፅሐፍ። መፅሐፍ ደግሞ ከኛ ነው የሚጠየቀው፣ ስትጠይቅ ደግሞ ወረቀት ላይ ስምህን ፅፈህ ነው!! ትልልቅ ላይብረሪዎች ላይ መደርደሪያ ጋ ሄደህ ራስህ አታነሳም፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ የመፅሐፉን ርዕስና ስምህን ሞልተህ ትሰጣለህ ሰራተኛው ያመጣልሃል፣ ወረቀቷም ትቀመጣለች።

እና መርማሪው ስኮትላንድ ውስጥ ትልቅ ላይብረሪ ሄዶ "ሰሞኑን ስለ ዌስትሚንስተር አቤይና ስለዛ ድንጋይ መፅሐፍ ሲያስወጣ የነበረው ማነው" ብሎ ነው የጠየቀው።


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

እልልልል። እቺን ልጅ ስጧት መድረኩን።

ልክ ነሽ የመደርደሪያ ልጅ፣ ግላስጎው ያለው ሚቼል ላይብረሪ ነው። መርማሪው ገብቶ ጠየቀ፣ ወረቀቶቹ ወጡ፣ ኢያን ሃሚልተን የሚባል ስም ተደጋግሞ ተገኘ፣ የ25 አመት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ህግ ተማሪ። ስለ አቤዩ የተፃፈ ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ ከርሟል። ሰውየው ድንበር ሲያልፍ ያልተያዘ፣ ለንደን መሀል ፖሊስ ፊት ቆሞ ያልተያዘ፣ ተቀምጦ ባነበበው ነው የታወቀው።

አሁን ሙሉውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ከግምታችሁ በላይ ያስቃል፣ አብዛኛው እሱ ራሱ በኋላ የተናገረው ነው። አራት ናቸው፣ ሃሚልተን፣ ጋቪን ቬርነን፣ አለን ስቱዋርት፣ ኬይ ማቲሰን የምትባል አስተማሪ። ሁለት አሮጌ አንግሊያ ይዘው ከግላስጎው ለንደን በብርድ ነዱ፣ 18 ሰዓት። መጀመሪያ የሞከሩት ሌላ ነበር፣ ሃሚልተን እንደ ጎብኚ ገብቶ አቤዩ ሲዘጋ ጋሪ ስር ተደብቆ ቀረ፣ ሌሊት ዘበኛው አገኘው። ጨዋታው እዛ ጋ ማለቅ ነበረበት አይደል? ዘበኛው ግን ተቆልፎበት የቀረ ምስኪን መስሎት አዝኖለት በር ከፍቶ አስወጣው። (ቀዳዳ አይቶ አለፈ፣ ያንተ ተጠርጣሪ ይሄ ነው፣ ሌባን ሸኝቷል እንጂ አልሰረቀም።)

ገና ሌሊት ላይ ሶስቱ ወንዶች በጎን ባለ በር ፈልቅቀው ገቡ። ድንጋዩን ከወንበሩ ስር ሲያወጡት ወለሉ ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። ትልቁን ክፋይ የሃሚልተን ካፖርት ላይ አድርገው ይጎትቱ ጀመር (የወለሉ ምልክት)፣ ትንሹን ወደ 41 ኪሎ የሚሆነውን ሃሚልተን አቅፎ ኬይ ወደምትጠብቅበት መኪና ሮጠ፣ ኋላ ከትቶ ገና ከጎኗ ከመቀመጡ አንድ ፖሊስ ወደነሱ እየመጣ ነው። ምን ያድርጉ፣ ተቃቀፉ። ፍቅረኛሞች። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በገና፣ በዛ ብርድ። ፖሊሱ ቆመ፣ አወራቸው፣ ቀለደ፣ ሲጋራ አጨሱ፣ ከኋላቸው የተሰረቀው ድንጋይ አለ፣ ጓደኞቻቸው ደግሞ እዛው ግድግዳ ጀርባ ሌላውን ክፋይ እየጎተቱ ነው።

ኬይ ብቻዋን ስትነዳ ትራፊክ መብራት ላይ የኋላው ተከፍቶ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ወደቀ፣ ወርዳ አንስታ መልሳ ከተተችው። 41 ኪሎ! ሃሚልተን ደግሞ ተመልሶ አቤዩ ሲደርስ ጓደኞቹ የሉም፣ የሁለተኛው መኪና ቁልፍ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ካፖርቱ መጎተቻ ሆኗል፣ ቁልፉ ወድቋል፣ ጨለማ ውስጥ ክብሪት እየጫረ ፈልጎ አገኘው፣ ትልቁንም ክፋይ እንደምንም ብቻውን መኪና ውስጥ ከተተ። በኋላ ኬንት ውስጥ ሜዳ ላይ ደበቁት። ድንበሩ ሲላላ ተመልሰው ሲሄዱ ዘላኖች ልክ እዛው ሰፍረው እሳት እያነደዱ ነው፣ ለምነው አስነስተው ወሰዱት።

መርማሪው ስሙን አገኘ፣ አራቱንም አስጠርተው መረመሯቸው፣ ከሃሚልተን በስተቀር ሶስቱ በኋላ አመኑ። ድንጋዩ ግን እስካሁን የት እንዳለ ፖሊስ አያውቅም ነበር! ኤፕሪል 11 ቀን 1951 ራሳቸው አርብሮዝ አቤይ የሚባል ፍርስራሽ ገዳም ውስጥ፣ በ1320 የስኮትላንድ የነፃነት ደብዳቤ በተፃፈበት ቦታ፣ ባንዲራ አልብሰው አስቀመጡትና መልእክት ላኩ።


ቆጥቋጭ፦

ወይኔ ሰዓቴ። ግን የማን ነበረች?


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

የሃሚልተን። ስለዚህ አልተሳሳትክም፣ ሰዓት ሰሪውን ብታገኘው አንተም እዛው ትደርስ ነበር፣ በአስር አመት ሃሃ።


ቀስ በል፦

ደስታችሁን ላበላሸው ነው ይቅርታ። ይሄ ጉብዝና አይመስለኝም፣ ዕድል ነው። አንድ መፅሐፍ ያነበበ ሰው ሌባ ነው ማለት አይደለም፣ በዛ ላይብረሪ ስለ አቤዩ ያነበበ የታሪክ ተማሪ፣ ቄስ፣ ጡረተኛ ስንት ይኖራል? ሃሚልተን መፅሐፎቹን በጓደኛው ስም ቢያስወጣ ወይ ሌላ ከተማ ሄዶ ቢያነብ መርማሪው ባዶ እጁን ነበር። ደግሞ የመጨረሻው ነገር፣ ድንጋዩን ፖሊስ አላገኘውም፣ ሌቦቹ ናቸው የመለሱት። "በምርመራ ተፈታ" የሚባለው እዚህ ጋ ትንሽ ይበዛበታል።


የመደርደሪያ ልጅ፦

ቀስ በል ግማሹን እስማማለሁ ግማሹን አልስማማም። ወረቀቷ ብቻዋን ምንም አታስረዳም፣ እውነት ነው። ግን ብቻዋን አይደለችም እኮ። 2 ሚሊዮን ሰው ምክንያት አለው፣ እሺ። ከነሱ ውስጥ ሰሞኑን ስለዛ ህንፃ አጥብቆ ያነበበ ስንት አለ? ምናልባት ሃያ። ከሃያው ድንጋይ መጎተት የሚችል ወጣት፣ በፖለቲካው ውስጥ ያለ፣ ገና ላይ ቤቱ ያልነበረ? አንድ ወይ ሁለት። አንዱ ወንፊት ያሳለፈውን ሌላው ያጠልለዋል፣ አራት ወንፊት ስትደራርብ ዱቄቱ ጣትህ ላይ ነው የሚቀረው። (ሃያ ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ ቁጥሩን ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ።)

እና የመርማሪው ጉብዝና ሌባው ምን ጥሎ ሄደ ከማለት ይልቅ ሌባው ከመምጣቱ በፊት ምን ማወቅ ነበረበት ማለቱ ነው። ጥለህ የሄድከውን መጠንቀቅ ትችላለህ፣ ጓንት ታደርጋለህ፣ ሰዓትህን ታወልቃለህ። ያነበብከውን ግን ሳታነብ መስረቅ አትችልም።

ሌላ ነገር ደግሞ የሚረብሸኝ አለ፣ ዛሬ እኔን አንድ ፖሊስ መጥቶ "ይሄን መፅሐፍ ማን አነበበ" ቢለኝ እንዲህ በቀላሉ መዝገቡን ልዘረግፍለት ነው? የሰው ንባብ የሰው ሚስጥር ነው። ያኔ የነበረችው ሰራተኛ ምን ተሰምቷት ይሆን እላለሁ።


ችሎት ቆሞ፦

የህግ ጥያቄ ላንሳ ማንም አላነሳውምና። ማን እንደሰረቀ ታወቀ፣ ሶስቱ አመኑ፣ ታዲያ ስንት አመት ተፈረደባቸው? ዜሮ። አልተከሰሱም። የዛን ጊዜው የእንግሊዝ ጠቅላይ አቃቤ ህግ ሃርትሊ ሾክሮስ ፓርላማ ቆሞ ድርጊቱን አወገዘ፣ ክስ መመስረት ግን ለህዝብ ጥቅም አይደለም አለ።

ለምን? አስቡት፣ ስርቆት ብለህ ከከሰስክ ዕቃው የማን እንደሆነ ማስረዳት አለብህ። ተከሳሹ ህግ ተማሪ ነው፣ ችሎት ቆሞ "ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ድንጋይ ከኛ በ1296 ተዘርፎ የመጣ ነው፣ የተሰረቀን ዕቃ ወደ ቤቱ መመለስ ስርቆት ነው ወይ" ይላል፣ ጋዜጠኛ ሞልቷል፣ ስኮትላንድ ሙሉ ሬዲዮ ላይ ጆሮዋን ደግናለች። ከሶ ጀግና ከማድረግ ዝም ማለት ይሻላል አሉ። ሃሚልተን ከዛ በኋላ ታዋቂ ጠበቃ ሆኖ በ2022 በ97 አመቱ ነው የሞተው። ድንጋዩም በ1952 ወደ ለንደን ተመልሶ ኤልሳቤጥ በ1953 ነገሰችበት፣ በ1996 ግን እንግሊዞች ራሳቸው ለስኮትላንድ መለሱት፣ አሁን ፐርዝ ሙዚየም ነው ያለው፣ ለቻርልስ ንግስና በ2023 በውሰት ሄዶ ተመልሷል። በውሰት!


ሚዛኑ፦

ሲወድቅ ለምን እንደተሰበረ ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። በ1914 የሴቶች ድምፅ መስጠት መብት የሚጠይቁ ታጋዮች እዛው ወንበር አጠገብ ቦምብ አፈንድተው ወንበሩን ጎድተውት ነበር፣ ድንጋዩ ያኔ ሳይሰነጠቅ አልቀረም የሚሉ አሉ። ስለዚህ ልጆቹ ሰበሩት ከማለት 36 አመት የቆየ ስንጥቅ እጃቸው ላይ ለቀቀ ማለትም ይቻላል። ብቻ ባይሰበር ኖሮ በነዛ ትንንሽ መኪኖች ንቅንቅ አይልም ነበር፣ መሰበሩ ነው ያወጣቸው።


የሌሊት ሮንድ፦

እኔ ደግሞ የያዘኝ የበዓሉ ነገር ነው። ሌባ በዓል የሚመርጠው ሰው ስለሌለ ነው እንላለን፣ ጥበቃው ቀንሷል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሱቅ ተዘግቷል። ይሄ እውነት ነው ግን ግማሹ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ያለህ ሰው አንተ ብቻ ነህ እኮ! ያ ፖሊስ በሌላ ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ የተቃቀፉ ሁለት ሰዎች ቢያይ በማግስቱ አያስታውሳቸውም፣ ገና ላይ ሊነጋጋ ሲል ስላያቸው ግን መኪናቸውን ሳይቀር አስታውሶ ተናገረ። ፀጥ ያለ በዓል ይደብቅሃል ብለህ ስትገባ መብራት ነው የሚያበራብህ።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ በ2015 የፋሲካ ረጅም ዕረፍት ላይ ለንደን ሃተን ጋርደን የሚባለው የወርቅ ቤቶች ሰፈር ውስጥ የተቆለፉ ሳጥኖች የሚቀመጡበት ምድር ቤት ተዘረፈ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዱ 76 አመቱ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው የመጣው። 50 ሳንቲሜትር ኮንክሪት በስተው 73 ሳጥን ከፈቱ። አላርም ጮኋል፣ ጥበቃው መጥቶ ከውጪ አይቶ ሄዷል፣ ፖሊስም አልመጣም። ምርጥ ስራ ነበር፣ የካሜራ መቅጃውን ሳይቀር ነቅለው ወስደዋል። ግን አንድ ካሜራ አምልጧቸው ነበር፣ መርማሪዎቹም የአካባቢውን ካሜራ ሁሉ ሰብስበው ሲያዩ አንድ ነጭ መርሴዲስ ተለየች፣ በዓል ነው ሁሉ ነገር ዝግ ነው፣ ይቺ መኪና እዚህ ምን ትሰራለች? ታርጋዋ የአንዱ ሆነ፣ በስሙ የተመዘገበ መኪና! ከዛ ፖሊስ አልቸኮለም፣ መኪኖቻቸው ውስጥ መቅጃ ደብቆ ሰውዬዎቹ ራሳቸው ስለስራቸው ሲፎክሩ ቀዳቸው፣ ሜይ ላይ ሰበሰባቸው።


ቀስ በል፦

የሌሊት ሮንድ ይሄ ሃሳብ ተመችቶኛል ግን ልፈትነው። በ1999 የመጨረሻ ሌሊት፣ ዓለም ሁሉ 2000ን ሊቀበል ሲጨፍር፣ ኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ላይ አንድ ሌባ በጣራ መጣ፣ ጎን ባለ ህንፃ የግንባታ መወጣጫ ላይ ወጥቶ፣ የጣራውን መስታወት ሰብሮ በገመድ ወረደ፣ የጭስ ቦምብ ለቆ ካሜራውን አሳወረ፣ ሴዛን የሚባል ታዋቂ የፈረንሳይ ሰዓሊ የሳለውን አንድ ስዕል ብቻ ይዞ ወጣ፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተ። ጥበቃዎቹ ጭሱን አይተው እሳት ነው አሉ። እሱም በዓል ነው። ሌባው አልተያዘም፣ ስዕሉም እስከዛሬ አልተገኘም። የት አለ መብራቱ?


የሌሊት ሮንድ፦

አየህ እሱ እንደውም ለኔ ነው የሚመሰክረው። አዲስ አመት ሌሊት ፀጥ ያለ በዓል አይደለም። ርችት፣ ጩኸት፣ ሰካራም፣ መንገዱ እስከ ንጋት ሰው ነው። ሌባው ከጣራ ወርዶ መንገድ ሲገባ ከሺህ ሰው አንዱ ነው፣ ሻንጣ የያዘ፣ ቢንገዳገድ እንኳን ማንም ዞሮ አያየውም። የገናዎቹ ልጆችና የፋሲካዎቹ ሽማግሌዎች ባዶውን መረጡ፣ ይሄኛው ግርግሩን መረጠ። ባዶው በር ያስከፍትሃል ግን መንገድ ላይ ያጋልጥሃል፣ ግርግሩ በር ላይ ያስቸግርሃል ግን መንገድ ላይ ይውጥሃል።

(ማስታወሻ የምትይዙ ካላችሁ አቁሙ፣ ለጨዋታ ነው የምናወራው።)


ቀስ በል፦

እሺ ተሸነፍኩ። ወይም ተሸነፍኩ ልበልህና እንለፍ፣ ሶስት ምሳሌ ህግ አይሆንም።


ቀዳዳ አይቶ አለፈ፦

ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።


ጥያቄ አያልቅብኝ፦

ሃሃሃ ይድረሰው። የመጨረሻ አንድ ነገር ልተውላችሁ። ድንጋዩ ከመመለሱ በፊት ሮበርት ግሬይ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው ሁለቱን ክፋይ የገጠመው፣ ሲገጥመው መሀሉ ላይ የነሐስ ዘንግ ከተተ፣ ዘንጉ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር የተፃፈበት ወረቀት አስቀመጠ። ለማንም ሳይናገር ሞተ። ኤልሳቤጥም ቻርልስም ከዛ ወረቀት በላይ ተቀምጠው ነው ዘውድ የጫኑት። ምን ፅፎበት ይሆን? ይሄን የሚመልስ ላይብረሪ የለም።


ቆጥቋጭ፦

"ሰዓቴን መልሱ።"


የመደርደሪያ ልጅ፦

እኔ እንደምገምተው የስም ዝርዝር ነው። እነማን እንደነበሩ፣ ፖሊስ የጠራቸው አራቱ ብቻ ሳይሆኑ መኪና ያዋሰው፣ ገንዘብ የሰጠው፣ ቤቱ ያሳደረው። ላይብረሪ ወረቀት ላይ ስሙ ስለተገኘ የታወቀውን ልጅ ያየ ሰው፣ የሌሎቹን ስም ቢፅፍ ማንም ሊያወጣው የማይችልበት ቦታ ላይ ነው የሚፅፈው።